የውሾቹ የነፍስ አባት

ብልባላ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ ሴቶች ሁሉ መነጽሯ ለሚወፍረው፣ ለልጄ ልጅ ለየትናየት፤

ጤናሽን አልጠይቅም። ጤነኛ ሰው ስለ ውሻ እራት ብሎ ለአያቱ ደብዳቤ አይጽፍም። እኔ ደህና ነኝ። አያትሽ አልጣሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷን የያዛት ብርድ ብቻ ክረምቱ ሲወጣ አብሮ አልወጣላትም። ደብዳቤሽን ሾፌሩ አራጋው ከላሊበላ በገበያተኛ እጅ ልኮልኝ ደረሰኝ። በስልክ አለመጠየቅሽ ደግ ነው። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ነው የምሰማው፤ እኔ የሰማሁትን ደግሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። ባለፈው ስለ ሆዴ ድርቀት የጠየቅሽኝን ጎረቤቱ እስካሁን በየማለዳው ይጠይቀኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በግ በአዙሪት ሲያዝ ጭንቅላቱን ምን ታደርጉታላችሁ ብለሻል። እዚሁ አድገሽ ረሳሽው? በጉ ከመንጋው ይለይና አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ እህል በሌለበት አውድማ እንደሚያበራይ በሬ፣ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል። ሣር አይል፣ ውሃ አይል። ሳይሞት ቢላ እናደርስለታለን። ጭንቅላቱ ሲፈለጥ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ሥጋውን እንበላለን፤ ጭንቅላቱን ግን ሰው ይጸየፈዋል፤ ለምንሰማህ ይጣልለታል። ምንሰማህ አዲሱ ውሻዬ ነው። ስሙን እንዲህ ያወጣሁት ወሬኛ ጎረቤት በደጄ ሲያልፍ ራሱን እንዲጠራ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይሻላል። የነፍስ አባት "የታመመ በግ ጭንቅላት ቅበር፤ ንስሐህ ነው" ቢል ሰው ይቀብራል ወይ ብለሻል። ልጄ፣ የግብርና ባለሙያ ቢለው "እሺ" ብሎ ይረሳዋል። ወረዳው ቢለው ይስቃል። የነፍስ አባቱ ቢለው የጎረቤቱንም ጨምሮ ይቀብራል። ደግ መላ ነው። ያንቺ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል፤ አንቺ መጽሐፍ ካላየሽ መላ አይመጣልሽም።

እንግዲህ እኔም ልጠይቅሽ። የጎረቤታችን የፋና ልጅ ደርበው፣ ኮን ከተማ ላይ የእንስሳት ሐኪም የሆነው፣ ክረምቱን ሙሉ በየቤቱ እየዞረ ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቅ ነበር። "ጭንቅላቱን ምን ታደርጉታላችሁ?" ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። በጉን የሚያዞረው የውሻ ትል ነው አለን፤ ውሻው ከጭንቅላቱ ያገኘዋል፣ በኩሱ ሣሩ ላይ ይዘራዋል፣ በጉ ይግጠዋል። የላስታን ውሾች ሊያክም፣ ለዚህም የምርምር ገንዘብ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ወረቀት መላኩን እናቱ ነግራናለች። እንዲህ ያለውን ወረቀት አንብበው ከሚመዝኑት ምሁራን አንዷ መሆንሽን ደግሞ አምና ራስሽ ነግረሽኛል። እኔ በደርግ ጊዜ የፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነበርኩ። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር የት እንደተገናኙ አውቃለሁ።

ደርበው እጅሽ ላይ ወድቋል? ከወደቀ አጥብቀሽ ያዢው። ፋና ከመንጋዋ እኩሌታውን በአዙሪት አጥታለች፤ እኛም እየተከተልናት ነው፤ ያለ በግ ደግሞ በዚህ ደጋ ምን ሆነን እንከርማለን? አያትሽ ግን የእሱን ወረቀት ከምትመዝኚ እሱን ራሱን ብትመዝኚው ትወድ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት መነጽር ሲወለውሉ አይኖርም ትላለች።

የአምላክን አያት ስም የተሸከመው አያትሽ፣
ኢያቄም


ብልባላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተቆጣችው የትናየት፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንዳልሽው አንብቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። አልጣሽ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

"ምን አለች?" አለችኝ።

"ጤና ይስጥልኝ ብላለች።"

"በሦስት ወረቀት?"

"ከተማ ሰላምታው ረዥም ነው።"

እንግዲህ ምስጢርሽን መጠበቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ቁጣሽን አብርጂ።

ያልሽው ገብቶኛል። ወረቀቱ የመጣልሽ እንደ ሙሽራ ፊቱ ተሸፍኖ ነው፤ ከማን እንደሆነ አታውቂም ነበር፤ መሸፈኛውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ሳታነቢ በፊት ደግሞ በውስጡ ያለውን ለሥራ ባልደረባ፣ ለወዳጅ፣ ለትዳር ጓደኛ ላትናገሪ ፈርመሻል። ለአያት የሚል የለበትም ብዬ ልከራከርሽ ነበር፤ ግን የባሰ ትቆጫለሽ። የመንደሩን ሰው ጠባይ አያቴን ብጠይቅ መንገር መቼ ሆነ ብዬ ነበር፤ ለካ መጠየቅም መንገር ነው ብለሻል። ለዚህ ነው ጥያቄ ከመልስ ይልቅ ወሬኛ የሚሆነው። እኔ በሸንጎው ዳኛ ሳለሁ ሌባውን በመልሱ አልያዝኩትም፤ "በሬው ተገኘ ወይ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የያዝኩት።

ፍርድሽን ጽፈሽ የላክሽው የእኔ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ነው ካልሽ ምን ተበላሸ? አንቺ ስሙን ሳታውቂ ፈርደሻል፤ እኔ ደግሞ ምን እንደፈረድሽ አላውቅም። ተመስገን ነው።

ስለ ሽፋኑ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። በኛ ሽምግልና ፊቱን ሸፍኖ የሚዳኝ የለም። ሰውየውን እናውቀዋለን፣ አባቱን እናውቃለን፣ እናቱ በምን ወር እንዳማጠች ሁሉ እናውቃለን። "ስንቱን ለአባቱ ስትሉ ፈረዳችሁለት?" ብለሽ ጽፈሻል። ይህችን ዝም ብዬ አልፋታለሁ። መልስ ስላጣሁ ነው።

ከእንግዲህ አፌ የተቆለፈ ነው። በ23 የጊዮርጊስ ማኅበር ፋና ቤት ነው፤ ደርበውም ከኮን ይመጣል ብለሽ ደግሞ እንዳትባንኚ። ጠላ ጠጥቼ፣ መርቄ፣ ወደ ቤቴ ነው።

አፉ የተቆለፈው አያትሽ፣
ኢያቄም


ብልባላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትናየት፣ ለልቤ፤

ገብሱ ደርሷል። ባቄላውን ውርጭ መታው። የአልጣሽን ጉልበት በቅቤ አሽተንላት ትንሽ ሻል ብሏታል። ከሁለቱ እርጉዝ በጎቻችን አንዷ መንታ ወለደች፤ አንዱን ባንቺ ስም ጠራሁት፤ ወንድ ነው፣ ግን ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ይስማማዋል። አራጋው ሰሞኑን መንገድ ተዘግቶበት ነበር፤ ለዚህ ነው ደብዳቤሽ የዘገየው። እንግዳ ወደ ላሊበላ መምጣት ስላቆመ ግማሹን መንገድ ባዶ መኪና ነው የሚነዳው ብሎኛል። ውርጩ ሽንብራውንም እንዳይነካው ሰግተናል። ባቄላውን ነግሬሻለሁ መሰለኝ።

ማኅበሩ እንዴት ነበር ያልሽው ለሰላምታ ነው ወይስ ለነገር?

ማኅበሩ ደግ ነበር። ፋና ካላት ላይ በግ አርዳለች። የበጉን ጭንቅላት ደርበው ራሱ ይዞ ወጣ፤ የት እንዳደረሰው አላየሁም። ጠላው ኮምጠጥ ያለ ነበር፤ እኔ የምወደው ዓይነት። እንደ ልማዱ በዕድሜ ትልቅ ነህና መርቅ አሉኝ። የእኔን ምርቃት ታውቂዋለሽ፤ ሰው አሜን ሊል ሳይሆን ሊስቅ ነው የሚጠብቀው። መካኒቱን መረቅኩ፣ የሚስቱን ዱላ የሚፈራውን መረቅኩ፣ ቄሱንም ድምፃቸው እንዲመለስ መረቅኩ። ከዚያ ደርበው ዘንድ ደረስኩ። ያልኩትን በደንብ አላስታውሰውም። ስለ ውሻ ነገር ነው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፋና እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ደርበው ብቻ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ።

"አባቴ ኢያቄም፣ ይህን ማን ነገረዎት?"

"ምንሰማህ" አልኩት።

"እየቀለድኩ አይደለም። የነፍስ አባቶቹን ነገር እኔ ለእናቴም አልነገርኩም። ከወረቀቱ በቀር የትም የለም።"

"እንግዲያ ጊዮርጊስ ገልጦልኝ ይሆናል።"

አየኝ። ወደ ውስጥ ተመለሰ። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል። ላንቺም ያነሳሁት ዝም ብዬ ነው፤ ምንም ነገር የለውም። ሽንብራው ግን ያሰጋል።

አያትሽ ኢያቄም


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያቴ፣ ለአባባ ኢያቄም፤

እርስዎና እማማ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው።

ያልኩትን አላስታውሰውም ብለው ነበር። ፊት ለፊቴ ስለተነበበ እኔ ላስታውስዎ። "ደርበው ልጄ፣ ጊዮርጊስ ያሰብከውን ይሙላልህ። የነፍስ አባቶቻችን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለውሾቻችንም ንስሐ ይስጡልን። የመንደሩ ውሻ ሁሉ የነፍስ አባት ይኑረው። ጭንቅላት የበላ ይስገድ፣ የቀበረ ይጽደቅ።" የመዛኞቹ ሰብሳቢ በዝግታ ነበር ያነበቡት፤ እኔ ግን በእርስዎ ድምፅ ነበር የምሰማው። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

የወረቀቱ ባለቤት አቤቱታ አቅርቧል። ለሰው ያልነገርኩት ሐሳብ በመንደሬ ማኅበር ላይ መሳቂያ ሆኖ ሰማሁት፤ ያነበበው ሰው አሳልፎ ሰጥቶብኛል ይላል። እውነቱን ነው። ወረቀቱን ያነበብነው ሦስት ነን። ዝም ብል ጥርጣሬው በሦስታችንም ላይ ያርፍ ነበር። እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ።

ከእንግዲህ የማንም ማመልከቻ አይሰጠኝም። የእኔው ጥፋት ነው፣ ይገባኛል። ያልተገባው ግን ባለቤቱ ላይ የወደቀው ዕዳ ነው። ምስጢሩ የወጣ ምዘና አይጸናም ተብሎ የሦስታችንም አስተያየት ተሰረዘ፤ ወረቀቱም ከዚህ ዙር ወጣ። ለሚቀጥለው ዙር የተመረጠው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእንስሳት በሽታ የለበትም። ይህ ለባለቤቱ በደብዳቤ ስለተነገረው ከመንደሩ መስማትዎ አይቀርም፤ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። እሱ ፍትሕ ፈልጎ ጮኸ፤ ጩኸቱ የራሱን ሥራ ጣለበት።

አባባ፣ ይቅርታ አይጠይቁኝ። እርስዎ አልፈረሙም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከአንባቢዎቹ አንዷ እኔ መሆኔን ለማንም አዎ አይበሉ፤ አይደለችምም አይበሉ። ስለ እኔ አይከራከሩልኝ። ከሥራው ብወጣም የፈረምኩት አልተቀደደም። ሰው ምን እንደሚል ግን ይጻፉልኝ። አይደብቁኝ።

እማማን እግሯን ይሳሙልኝ።

የትናየት


ብልባላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትናየት፤

ስለ መነጽርሽ ቀልድ ልጽፍ ጀምሬ ሰረዝኩት። ከላይ ያለው የቀለም ጭቃ እሱ ነው።

አይደብቁኝ ስላልሽ አልደብቅሽም። ሰው "የኢያቄም ልጅ ልጅ ደርበውን ጣለችው" ይላል። ይህ ለስላሳው ነው። ሌላው "መላውን ወስዳ ለራሷ ልታደርገው ነው" ይላል። እኔ አዎም አይደለምም አላልኩም። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ሰው "አያችሁ? ኢያቄም ዝም አለ፤ ኢያቄም ዝም ካለ እውነት ነው" ይላል። ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ ኖሬ ዝምታዬ ምስክር ሆኖ ቆመብሽ።

ፋና በቤተ ክርስቲያን ከአልጣሽ አጠገብ መቆም ትታለች። አልጣሽ ለሰርግሽ ብላ ከበጎቻችን ፀጉር ያሠራችውን ባና ከሣጥን አውጥታ እኔ ላይ ጣለችው። "እንግዲህ አንተው ልበሰው" አለችኝ።

ደርበው ከኮን ሥራውን ለቆ ኮምቦልቻ ወርዷል። አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ተቀጥሮ ጠርሙስ ያቀብላል አሉ። ከመሄዱ በፊት ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። እግሩን እያጠበ ነበር፤ ቀና አላለም። "አባቴ ኢያቄም፣ እኔ የሳቁብኝን አልጠላሁም፤ የሳቁበትን ከየት እንዳገኙት ብቻ ይንገሩኝ" አለኝ። አልነገርኩትም። ውሃውን ደፋና ገባ።

ከጥምቀት በኋላ ፋና ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ ቆምኩ። ስንቱን ሰው ድንጋይ አሸክሜ አስታርቄአለሁ! ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አላውቅም ነበር። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ በዳይ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ በደሉን በራሱ አፍ ሳያጎድል ይናገራል፤ ተበዳይ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ፋና ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ምን በደሉኝ?"

"አፌ በደለሽ።"

"አፍዎን አውቀዋለሁ። ሳገባ እንኳ በሰርጌ ላይ ቀልደውብኛል። አፍዎን የጫነው ማነው?"

"እሱን አልችልም።"

"የትናየት ናት?"

"አልችልም አልኩሽ እኮ፣ ፋና።"

ወደ በረቷ ዞራ አየች። ልጇ አገር ለቆ ሄዶባታል፤ ከበረት ደግሞ የሚዞር በግ እናያለን፤ ሁለታችንም እያየነው ነው።

"እንግዲያ ድንጋይህን ይዘህ ሂድ" አለችኝ። "ግማሽ በደል ተናግሮ ሙሉ ይቅርታ የለም። አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ እንዲህ ብለህ ስትፈርድ የኖርከው?"

ፋና በዕድሜዋ "አንተ" ብላኝ አታውቅም።

የሰው ደጅ ላይ ድንጋይ ጥሎ መምጣት ነውር ነውና እስከ ቤቴ ተሸክሜው መጣሁ። ይቅርታ ለመጠየቅም ስም መጥራት ያስፈልጋል፤ ይህን ማን አሰበው?

እንግዲህ አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ። ስለ ወረቀቱ የጻፍሽው ምስጋና ነበር ወይስ ነቀፋ? ፍርዱ ተሰርዟል ብለሻል፤ የተሰረዘ ፍርድ ደግሞ ማንን ይጎዳል? ምስጋና ከነበረ ፋና ጆሮ ላይ ብቻ ሹክ እላታለሁ፤ "ልጅሽን አልጣለችውም፣ ስሙን ሳታውቅ ወደደችው" እላታለሁ። የልጇን ልብ ወደ አገሩ ይመልሰው ይሆናል። ያንቺንም ስም ይመልሰዋል። ነቀፋ ከነበረም ንገሪኝ። ይዤው እሞታለሁ።

አያትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤

ድንጋዩን ይዘው መመለስዎን ሳነብ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የጠየቁኝን አልመልስልዎትም። ምስጋና ነበር ብልዎ በማግስቱ ለእትዬ ፋና ይነግሯታል። ነቀፋ ነበር ብልዎ ይዘውት ይሞታሉ። እንግዲያ ሰው የእርስዎን ፊት እያየ የእኔን ፍርድ ያነባል። ደግሞም ዛሬ ለአንዱ "አመስግኜው ነበር" ካልኩ፣ እስከ ዛሬ ወረቀቱን አንብቤ ዝም ያልኩለት ሰው ሁሉ የነቀፍኩት ሊመስለው ነው። ዝምታዬ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ዝምታ አይደለም።

ስለ ስሜ አይጨነቁ ብዬ አልዋሽዎትም። እኔም እጨነቃለሁ። ከደርበው ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው ፊደል የቆጠርነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አነሳሁት። "አንቺ ነሽ?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ጥቂት ጠብቆ ዘጋው።

እባክዎ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር አይጻፉልኝ። ስለ ሽንብራው ይጻፉልኝ።

የትናየት


ብልባላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየትናየት፤

አሞኝ አይደለም የጠፋሁት። ስለ ሽንብራው ይጻፉልኝ ብለሽ ነበር፤ አምና ሽንብራው አልበቀለልንም፤ የምጽፈው አጣሁ። ዘንድሮ ደህና ነው። አልጣሽ ታነክሳለች እንጂ ትሄዳለች። ባንቺ ስም የጠራሁት በግ አድጓል፤ ሣሩን አጠገቡ ሆኖ ነው የሚፈልገው።

ስለዚያ ነገር አይጻፉልኝ ስላልሽ ስለዚያ ነገር አልጽፍም። ስለ ማኅበሩ ብቻ ነው የምጽፈው።

ተራው ዞሮ የጊዮርጊስ ማኅበር ከትናንት ወዲያ እንደገና ፋና ቤት ደረሰ። ማኅበርተኛ ማኅበርተኛን ከደጅ አይመልስም፤ ገብቼ በቦታዬ ተቀመጥኩ። ፋና ጠላ ቀዳችልኝ። ስትቀዳ ዓይኗ ዋንጫው ላይ ነበር። በግ አልታረደም፤ የቀራት አንዲት ናት። አምና ደርበው የተቀመጠበት መደብ ላይ የሰው ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ እንደ ልማዱ "አባ ኢያቄም ይመርቁ" አሉ። ተነሣሁ። ሰው ፈገግታውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ አንዳንዱ ገና ሳልጀምር ትከሻው ይነቃነቃል። "ማኅበሩን ያጽናልን፤ ለከርሞ በሰላም ያድርሰን" ብዬ ተቀመጥኩ።

አሜን ያለው ጥቂት ሰው ነው። ሌላው ሊቀጥል ነው ብሎ ይጠብቅ ነበር።

"አምና ረዥም ነበር" አለች ፋና ከጓዳው በር። "ዘንድሮ ምን ነካው?"

"የአምናው መቼ አለቀና" አልኳት።

አልሳቀችም። ማንም አልሳቀም። ቄሱ ስለ ዝናቡ አነሱ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ያ ባንቺ ስም የጠራሁት በግ ከመንጋው ተለይቶ ቆመ። ዓይኑ ነው ብዬ ነበር። አንገቱን ወደ ግራ ጣለና መዞር ጀመረ። ሣር ያዝኩለት፤ አፍንጫውን አስነካውና አለፈው። ዞሮ መጣ፣ ደግሞ አለፈው። እስኪደክመው ልጠብቅለት ፈለግሁ፤ እሱ ግን አይደክመውም። ቢላውን አመጣሁ።

ጭንቅላቱን ከአጥሩ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት። ባርኔጣዬን አውልቄ ስቆፍር ፋና እንስራዋን አዝላ በአጥሩ በኩል አለፈችና ቆመች። ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ንስሐ ነው?" አለች። የምታሾፍ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው አታሾፍም።

"ነው" አልኳት።

ሌላ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እንስራዋን አስተካክላ ሄደች። ከበደሌ መናገር የምችለው ያችን አንዲት ቃል ነበር፤ ተናገርኳት። ሌላውን አልተናገርኩም። ሌላውንማ እኔም አላውቀውም፤ አንቺ አልነገርሽኝም። አሁን ብትነግሪኝ እንኳ ደብዳቤሽን ሳልከፍት ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ጉድጓዱን ውሻ እንዳይቆፍረው ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ያንን ከፋና ደጅ ተሸክሜ የተመለስኩትን ድንጋይ። ከጥር ወዲህ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ምንሰማህ ከትናንት ጀምሮ ከድንጋዩ አልተለየም። ያሸትተዋል፣ ጠርዙን በእግሩ ጫር ጫር ያደርጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል። ከሥሩ ያለውን ያውቀዋል። እኔም አጠገቡ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። አልገሠጽኩትም። ሁለታችንም አፋችን ውሃ ይሞላል፤ ሁለታችንም አንቆፍርም።

ኢያቄም